በየሳምንቱ ሁለት ፍሬ

የላቦራቶሪ ሠራተኛ ቁጥር እንጂ ስም አያይም የሚሉ አሉ። እንዲህ የሚሉት የላቦራቶሪ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ናቸው። በየካቲት 2009 ዓ.ም. በአንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴን ሆስፒታል መስኮቶች በጋረደበት ሰዓት፣ ጽናት ወልደ ሚካኤል ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጡትን ናሙናዎች ትመዘግብ ነበር። አራተኛውን ስታነሳ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ገበየሁ አስረስ። ዕድሜ 29። ግራ እግር። የቁስል መግል።»

ብልቃጧን መልሳ አስቀመጠች። ደግማ አነሳቻት። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ስንት ገበየሁ አለ ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። የአባቱ ስም አስረስ የሆነ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ገበየሁ ግን እሷ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ድምፁን ያጠፋባት፣ ስልኩን የዘጋባት፣ ትቶኛል ብላ አልቅሳ የጨረሰችለት ሰው።

የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ጽናት ከሥራዋ ጎን ለጎን ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በናኖ ብር ስለመግደል ነው። የጌጥ ብር የሟሟበትን ውሃ ከተቀቀለ የግራዋ ቅጠል ጋር ታዋህደዋለች፤ ብሩ ተመልሶ ቅንጣት ይሆናል፤ የአንዷ ቅንጣት ስፋት የፀጉርን ውፍረት አንድ ሺህኛ እንኳ አያህልም። ቅንጣቶቹን በፍጥነት አሽከርክሮ ከውሃው የሚለየው ማሽን ያለው ኮምቦልቻ ካምፓስ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ትወርዳለች። አንድ ጊዜ ማሽኑ ተበላሸ። ሦስት ባለ ዲግሪዎች ከበውት «መለዋወጫው ከውጭ ካልመጣ አይሆንም» እያሉ ስድስት ወር አቧራ አለበሱት። በመጨረሻ ከአንድ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ተጠራ። ገበየሁ ነበር። ከደላንታ መጥቶ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰ፣ የቀረውን በእጁ የተማረ ልጅ። በአንድ ከሰዓት በኋላ አስነሳው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ የእሷን ጠርሙስ አየና «ይኼ ሻይ የመሰለው ምንድን ነው?» አላት።

«ብር ነው።»

«አታሹፊብኝ እንጂ።»

«ብር ሲደቅ፣ ሲደቅ፣ ከዓይን በታች ሲወርድ መልኩ ይለወጣል።»

«እሺ፣ ምን ይሠራል?»

«መድኃኒት አልበግረው ያለ ባክቴሪያ ይገድላል። ለጊዜው ሳህን ላይ ብቻ።»

ከዚያ በኋላ ማሽኑ በሰበብ አስባቡ ይታመም ጀመር። ጠጋኙም ሳይጠራ ይመጣ ጀመር።

የፍቅራቸው ችግር አባቷ ነበሩ። ወይም እሷ አባቷ ናቸው ትላለች። አቶ ወልደ ሚካኤል ፒያሳ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ መድኃኒት ቤት አላቸው፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታቸው የሚጋበዘው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ነው። ገበየሁ «መቼ ነው ለአባትሽ የምትነግሪያቸው?» ባላት ቁጥር «ትንሽ ቆይ» ትለዋለች። ሁለት ዓመት ትንሽ ጊዜ ነው? የተማረች ሴት ነች፤ ቁጥር ታውቃለች። ፈርታ ነው እንጂ።

ናሙናውን ሳህን ላይ ዘራችው። እንደ ደንቡ ሆስፒታሉ ባሉት ስድስት መድኃኒቶች የተነከሩ ክብ ወረቀቶች በላዩ ደረደረች። ከዚያ ለጥናቷ ባዘጋጀችው በራሷ ቡናማ ውሃ የነከረችውን አንድ ክብ ወረቀት በሌላ ሳህን ላይ አስቀመጠች።

ረቡዕ ጠዋት ሳህኖቹን ከሙቀት ሳጥኑ አወጣች። ባክቴሪያው ዝናብ እንዳገኘ ሣር በቅሎ ስድስቱንም ወረቀቶች ጥግ ድረስ ወሯቸዋል። አንዳቸውም አላስደነገጡትም። በሁለተኛው ሳህን ላይ ግን በእሷ ወረቀት ዙሪያ ጥርት ያለ ባዶ ቀለበት ነበር። ባክቴሪያው ወደዚያ ድርሽ አላለም።

ለጥናቷ ከዚህ የተሻለ ውጤት አይገኝም። ሁለት ዓመት የደከመችለት ይህንን ለማየት ነበር። ሳህኑን ወደ ብርሃኑ አቅርባ ቀለበቱን እያየች፣ ምነው ባላየሁት አለች፤ ከላይ ፎቅ የተኛው ሰው መድኃኒት እንዳለቀበት ከዓለም ሁሉ ቀድማ የምታውቀው እሷ ሆነች።

*

ገበየሁ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ነበር። ከስቷል። ግራ እግሩ እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፤ ጥቅሉ ግን ሽታውን አልያዘውም። አጠገቡ የተቀመጠው አጠር ያለ ሰው እሷን ሲያይ ተነስቶ ወንበሩን ሰጣት።

«ጽናት አንቺ ነሽ? እኔ ሳዲቅ ነኝ፣ የፋብሪካ ጓደኛው። ወላሂ እንደ ዘመድ ነው የማውቅሽ። ትኩሳቱ ሲነሳበት ስምሽን እየጠራ ሦስት ሌሊት አላስተኛኝም።»

«ሳዲቅ፣ ዝም በል» አለ ገበየሁ።

«እኔ ምን አልኩ? አንተ ነህ የተናገርከው።»

ገበየሁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሐኪሙ ነው የላከሽ?»

«ራሴ ነኝ የመጣሁት። ለምን አልነገርከኝም?»

«ትንሽ ቆይ ስትይኝ ቆየሁ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላት። ሳዲቅ በሩን ተደግፎ ጣራውን መመልከት ጀመረ።

«ሐኪምህ ዶክተር ደሳለው ምን አለህ?»

«ዓርብ ይቆረጣል አለኝ። ከጉልበት በታች። ሰው ሠራሽ እግር አለ፣ ትለምደዋለህ አለኝ። ደግ ሰው ነው። ግን ማሽን ሥር በደረቱ ተስቦ ገብቶ የሚሠራ ሰው አይቶ አያውቅም።» ከዚያ ጠየቃት። «ያ ቡናማ ውሃሽ የእኔን ባክቴሪያ አግኝቶታል?»

ልትዋሽው ትችል ነበር። «አግኝቶታል።»

«እና?»

«ገደለው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። እነዚያ ዓይኖች፣ ማሽን ሲከፍት የሚያበሩት ዓይኖች፣ አሁን በትኩሳት ቀልተው የማሽን ውስጥ እንደሚያዩ ያዩዋት ጀመር፤ የቱ ጋ እንደተያዘች ፈለጉ።

«እንግዲያው አምጪው።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«አይጥ ላይ እንኳ አልሞከርኩትም። በቁስሉ አልፎ ደምህ ውስጥ ቢገባ ኩላሊትህን ምን እንደሚያደርገው አላውቅም። ስንቱን ማፍሰስ እንዳለብኝ አላውቅም። ማንም አላረጋገጠውም።»

«እግሩ የእኔ ነው። እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ውሃው የእኔ ነው። እኔ አልፈቀድኩም።»

«ባለ ዲግሪ ብሆን ትፈቅጂ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የአባትሽ እንግዳ ብሆን ትሮጪ ነበር።»

ጽናት ስትናደድ ከንፈሯ ይነጣል። ነጣ። አሥራ ሁለት ሕሙማን፣ አስታማሚዎቻቸውና ሁለት ነርሶች ባሉበት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ዓመት በሹክሹክታ እንኳ ያላለችውን ነገር በሙሉ ድምፅዋ አለችው።

«የማልወደው ሰው ብትሆን ኖሮ ይሄኔ አፍስሼብህ፣ ውጤቱን መዝግቤ፣ ዲግሪዬን ይዤ ሄጄ ነበር። ስለምወድህ ነው እጄ የማይታዘዝልኝ። ገባህ?»

ገበየሁ ጋቢውን ወደ ላይ ስቦ ፊቱን ሸፈነ። ከጋቢው ሥር ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ልትዳስሰው እጇን ዘርግታ፣ መብቱ ይኑራት አይኑራት ስላላወቀች፣ መልሳ ሰበሰበችው።

*

ሳዲቅ ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«አብሽሪ እህቴ። እሱ ሲነድበት ነው እንዲህ የሚናገረው፤ ማሽንም ይሰድባል።» ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ይኼን ከፍራሹ ሥር ሰርቄ ነው። ኮምቦልቻ እያለን የጻፈልሽ ነው። ስልክ ላይ ቃል ይጠፋበታል፤ ሲጽፍ ግን ያመልጠዋል። ልውሰድልህ ስለው ተወው አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አላነበብኩትም። ትንሽ ብቻ።»

«ቁስሉ እንዴት እዚህ ደረሰ ሳዲቅ? ክሊኒክ አጥታችሁ ነው?»

«ክሊኒክማ አለ። ግን እኛ ልማዳችንን ታውቂያለሽ። ብረት የጫረው ሰው ካፕሱል ይገዛል፤ ሆዷን ይፈለቅቅና ዱቄቷን ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል። የተረፈችውን ለሚቀጥለው ቁስለኛ ያቀብላል። እኔም ስንቴ አድርጌዋለሁ።»

ታውቃለች። ይህን ልማድ ከቦሩ ሜዳ እስከ ሐርቡ የማያውቅ የለም፤ የሚናደድበት ግን የለም። ሊዋጥ የተሠራውን መድኃኒት እንደ በርበሬ ይነሰንሱታል፣ ሰባት ቀን የሚወሰደውን በሁለት ቀን ያቆሙታል፣ ባክቴሪያው ሲለምደው ደግሞ መድኃኒቱ የውሸት ነው ይላሉ። ለሳዲቅ ይህን ሁሉ ልትለው አፏን ከፍታ ተወችው። ወረቀቱን ዘረጋች።

«ጽናት፣

«እግሬን የጫረኝ የማሽን ብረት ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ። ትንሽ ነገር ነበረች፤ ለእሷ ብዬ ደሴ ድረስ አልወጣም። የወጣሁት የአባትሽን ፊት ለማየት ነው። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ሰውየውን ማወቅ አለብኝ አልኩ፤ ሰው ዓይኑን ያላየውን ሰው እንዴት ልጅዎን ስጡኝ ይላል? ቅዳሜ ጠዋት አንቺ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ እኔ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ሱቃቸው ገባሁ። ‹ምን ፈለግህ ልጄ?› አሉኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ከጭንቅላቴ ጠፋ። ‹ለቁስል የሚሆን ካፕሱል፣ ሁለት ፍሬ› አልኳቸው።

«በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድኩ። ዛሬ እናገራለሁ ብዬ። ሁለት ፍሬ ገዝቼ ወጣሁ። ስምንት ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። ከሰዓት ካምፓስ ስንገናኝ ከአባትሽ ሱቅ መምጣቴን አታውቂም፤ አንዳንዴ የሱቁ ሽታ ልብሴ ላይ ያለ እየመሰለኝ ራቅ ብዬ እቆም ነበር። አንዴ አምፑላቸው ሲርገበገብ አስተካከልኩላቸውና ‹ተባረክ› አሉኝ። የዚያን ቀን በእርግጥ ልናገር ነበር። ሰው ገባ።

«እውነቱን ልንገርሽ፤ ቁስሉ ቶሎ እንዲድን አልፈለግኩም። ከዳነ ወደ እሳቸው የምሄድበት ምክንያት የለኝም። ሲደርቅ ዱቄቱን ተውኩት፤ ሲያመረቅዝ ደስ እያለኝ ወደ ደሴ ወጣሁ። አሁን ግን አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ካልዳንኩ አልመጣብሽም። አንቺ ትንሽ ቆይ ያልሽው አውቀሽ ነው። እያነከስኩ አባትሽ ፊት አልቆምም።

«ገበየሁ።»

ጽናት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ነጭ ጋዋኗ መሬት ነካ። ሰዎች እየዘለሏት አለፉ። አምስት ሳምንት የጠላችው ሰው አምስት ሳምንት የሞተላት ሰው ነበር፤ ይህንን ለመቀበል ደረቷ ውስጥ ቦታ አጣች።

*

መጀመሪያ የሄደችው ዶክተር ደሳለው ጋ ነው።

«የእኔን ውሃ አይደለም የምለው» አለችው። «ከናኖ ብር የተሠራ፣ ሰው ላይ የተፈተነ፣ የተፈቀደ የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ አለ። ብሩን ቀስ በቀስ ቁስሉ ላይ ይለቃል። ስድስቱ መድኃኒቶች ባክቴሪያውን አንድ ቦታ ነው የሚመቱት፤ ብሩ ግን ሽፋኑንም ይበሳል፣ ውስጡንም ያውካል።»

«አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ የተቃጠሉ ሰዎች ላይ ሲጠቀሙበት አይቻለሁ። እዚህ ግን የለንም።»

«ቢገኝስ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «አጥንቱ ገና አልተነካም፤ ሥጋው ነው። ጨርቁ ዓርብ ጠዋት እጄ ላይ ከደረሰ እግሩን ከመቁረጥ የሞተውን ሥጋ ጠርጌ እሸፍነዋለሁ። ሰባት ቀን እጠብቃለሁ። ኢንፌክሽኑ ወደ ደሙ ከገባ ግን አንድ ሰዓትም አልጠብቅ። ተስፋ እየሰጠሁሽ አይደለም።»

ረቡዕ ከሰዓት ነበር። ፒያሳ ድረስ በባጃጅ ሄደች። አቶ ወልደ ሚካኤል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ለአንዲት ሴት ካፕሱል በመቀስ እየቆረጡ ነበር። ሁለት ፍሬ። ጽናት ሴትየዋ እስክትወጣ ጠበቀች፤ ከዚያ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ምነው ጽኑዬ፣ ከሥራ ሰዓት?»

«አባዬ፣ ስምንት ቅዳሜ እየመጣ ሁለት ሁለት ፍሬ ካፕሱል ከእርስዎ የገዛውን ሰው ያስታውሱታል?»

«ያ ረጅሙ? አምፑሌን ያስተካከለልኝ?» ፈገግ አሉ። «ጨዋ ልጅ ነው። ስለ ዝናብ ያወራኛል፣ ስለ በቆሎ ያወራኛል፣ ሌላ ነገር ሊል ያስብና ይሄዳል። ምን ሆነ?»

«ሆስፒታል ተኝቷል። ዓርብ እግሩን ሊቆርጡት ነው። ቁስሉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እዚህ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሁሉ ለምዶታል።»

ፈገግታቸው ሳይጠፋ ቀዘቀዘ። «ታዲያ እኔ ቁስል አልሠራሁበት። ለድሃ በፍሬ ካልሸጥኩለት ሙሉውን መግዛት አይችልም፤ ባዶ እጁን ይሄዳል። አዝኜ ነው የምሰጠው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት።»

«አዝነው እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ማንም የማይቆጣዎት። ሁለት ፍሬ ግን ባክቴሪያውን አይገድለውም አባዬ፣ ያስተምረዋል። ደካማው ይሞታል፣ ብርቱው ተርፎ ይወልዳል። ቁስሉን አሳየኝ አላሉትም። ስንት ቀን ሆነህ አላሉትም። ማን አዘዘልህ አላሉትም። እኔም እርስዎ ያስተማሩኝ ልጅዎ፣ በዚሁ መደርደሪያ ሥር አድጌ፣ አንድ ቀን ተዉ አላልኩዎትም። ላቦራቶሪ ውስጥ የማወራውን ቤቴ ውስጥ አላወራሁም።»

«ምን አንገበገበሽ? በቀን ስንት ሰው ይታመማል።»

ሰዓቱ ይኼ ነበር። ሁለት ዓመት የሸሸችው ሰዓት መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች መካከል ያዛት።

«ሊጠይቅዎት የመጣው እኔን ነው። የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነው። ሁለት ዓመት እንዋደዳለን። እርስዎን ፈርቼ ደበቅኩት፤ እሱ ደግሞ እርስዎን አክብሮ፣ ልጅዎን ስጡኝ ማለት ሲያቅተው ካፕሱል ስጡኝ አለ።»

አባቷ መቀሱን አስቀመጡ። ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቁጣቸውን ጠበቀች፤ መልስ አዘጋጅታለች፤ የሚመጣውን ሁሉ ልትመልስ ቆማለች። አልመጣም። የመቀሱን ጫፍ አዩ።

«ስምንት ጊዜ» አሉ። «ስምንት ጊዜ ፊቴ ቆሞ፣ እኔ የሚገዛውን እንጂ እሱን አላየሁትም።» ከዚያ ቀና አሉ። «ምንድን ነው የሚያስፈልገው? ጻፊልኝ።»

ብእር አንስታ የጨርቁን ዓይነት ስትጽፍ ፊደሉ ተጣመመባት። አባቷ ወረቀቱን ከእጇ ሳይወስዱ በፊት እጇን ያዙት፤ ከልጅነቷ ወዲህ እንደዚያ ይዘዋት አያውቁም፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

*

አቶ ወልደ ሚካኤል ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዱ። በዓል ሳይሆን ሱቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘግቶ የዋለው በዚያ ቀን ነው፤ የፒያሳ ሰው ለቅሶ ያለ መስሎት ነበር። ዓርብ ማለዳ፣ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ዓይናቸው እንቅልፍ አጥቶ፣ በክንዳቸው ሥር ካርቶን ታቅፈው ሕሙማን ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ገበየሁ ሲያያቸው ለመነሳት ሞከረ።

«ተኛ» አሉት።

«እንደምን አደሩ ጋሼ።»

«ምነው ያኔ ብትናገር?»

«ሰው ገባብኝ።»

ሳዲቅ ሳቁን ሊውጥ ብሎ ሳል አደረገው። አቶ ወልደ ሚካኤል ግን አልሳቁም። ካርቶኑን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡና፣ ሕዝብ በሚሰማበት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም ልጠይቅህ ይገባ ነበር። ስምንት ሳምንት የማይድን ቁስል ምን ዓይነት ቁስል ነው ብዬ አልጠየቅኩህም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉት። ገበየሁ ምን እንደሚመልስ ጠፋው። እንደ ሁልጊዜው።

ዶክተር ደሳለው የሞተውን ሥጋ ጠረገ። ሁለት የእግር ጣቶች ከሥጋው ጋር ሄዱ፤ ሊተርፉ አልቻሉም። የቀረውን በግራጫው ጨርቅ ሸፈነው። ጽናት ለነርሶቹ «በጨው ውሃ አታርሱት፣ ብሩን ያዳክመዋል፤ በንጹሕ ውሃ ብቻ» እያለች አስቸገረቻቸው። ሳዲቅ የተቆረጠውን የጨርቅ ጫፍ አንስቶ «ይቺን ለፋብሪካው ልውሰዳት? ለሚቀጥለው ቁስለኛ» ሲላት በዓይኗ ገደለችው።

«ቀልዴን ነው እኮ።»

«እሱንም በየጭረቱ ነስንሱትና ባክቴሪያው ይልመደው። ከዚያ ወዴት እንሄዳለን?»

«ወላሂ ቀልዴን ነው። ይቺ ሴት አንተን አግብታ ምን ልትሆን ነው፣ ገበየሁ፤ ቁጣዋ ከጋለ የማሽን ዘይት ይበልጥ ያቃጥላል።»

ከዚያ ሰባት ቀን መጠበቅ ነበር። የተማረ ሰው መጠበቅ አያውቅበትም፤ ስለሚያውቀው ነገር ሁሉ ይፈራል። ጽናት ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት የትኩሳት ሰሌዳውን ታያለች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወጣ፤ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ መጥቶ አየው፤ ማታ ላይ ወረደ። በአምስተኛው ቀን ሽታው ጠፋ። ገበየሁና እሷ ብዙ አያወሩም ነበር። ይቅርታ ለመባባል ጀምረው አይጨርሱም። አንድ ጠዋት ግን «ደብዳቤዬን አንብበሽዋል አሉኝ» አላት።

«አንብቤዋለሁ።»

«ልጨርሰው ፈልጌ ነበር። መጨረሻው ላይ የጻፍኩት ልክ አልነበረም።»

«የቱ?»

«አልመጣብሽም ያልኩት። በአንድ እግርም ቢሆን እመጣ ነበር። ጥቂት ቀን ነበር የምዘገየው።»

በሰባተኛው ቀን ዶክተር ደሳለው ጨርቁን አነሳ። ጽናት በአምስተኛው ቀን ከጨርቁ ጠርዝ ሥር የቁስሉን ናሙና ራሷ ወስዳ ስለነበር ሳህኑ ባዶ መሆኑን ከሁሉም ቀድማ አይታለች፤ ለሐኪሙም ነግራዋለች፤ ቢሆንም በዓይኗ ሥጋውን እስክታይ አላመነችም። ቀይ ነበር። የሚደማ፣ የሚኖር፣ ንጹሕ ቀይ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አሸተተው፣ ዳር ዳሩን ነካካው፣ «የቀሩትን ጣቶች አንቀሳቅስ» አለ። ሦስቱም ተንቀሳቀሱ። «አልቆርጥም» አለና ጓንቱን አውልቆ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

ጽናት ማንም ሳያያት ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ቆመች። ሰው ሰውን ተከትሎ ሲያልፍ፣ አባቷ ከደረጃው ወጥተው እሷን ሳያዩ ወደ ክፍሉ ገቡ። በሩ አልተዘጋም። የብረት ወንበር ሲጎተት ሰማች። አባቷ ሲቀመጡ የሚያሰሙትን ትንፋሽ ሰማች።

«ደላንታ የት ነው የተወለድከው?»

«ወገል ጤና አካባቢ ነው ጋሼ።»

ጽናት ጆሮዋን ወደ በሩ አዞረች። አባቷ ለሐኪሙም ለመሐንዲሱም፣ ቤታቸው ለተጋበዙት ለእነዚያ ሁሉ፣ ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ጠይቀው አያውቁም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቁት ከደማቸው ሊቀላቅሉት ያሰቡትን ሰው ብቻ ነው።

«አስረስ የማን ልጅ ነው?»

ገበየሁ ጉሮሮውን ጠረገ። እንግዲህ ቃል እንዳይጠፋበት ብላ ጸለየች። አልጠፋበትም። ቀስ ብሎ፣ እየተጠነቀቀ፣ አያቱን ጠራ፣ ቅድመ አያቱን ጠራ፣ ከቅድመ አያቱ በላይ ያሉትን ጠራ፤ አባቷም በየስሙ መካከል «እ» እያሉ ያዳምጡ ነበር። ጽናት ግድግዳውን ተደግፋ፣ በማታውቃቸው የሞቱ ሰዎች ስም ሰውነቷ እየሞቀ፣ አንዱም እንዳያመልጣት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከእሱ ጋር ትቆጥር ጀመር።